የሀኒፋ አራት ዳይሶች

አድማው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ካርቱም ሁለት በሚባለው የካርቱም ሰፈር ሱቁም ቢሮውም ተዘግቶ ሰው ሁሉ ቤቱ ተቀምጧል። አድማ ግን ሳህን አያጥብም፤ ለዚህም ሀኒፋ አለች። ከወሎ መጥታ በሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ሰባት ዓመቷ ነው።

ኢንተርኔት ስለተቋረጠ የቤቱ ልጆች፣ ሉጥፊያና ሁለት ወንድሞቿ፣ በጥንት ነገሥታት ዘመን ግዛት የሚያስገነባ የገበታ ጨዋታ ዘረጉ። አራተኛ ሰው ጎደላቸው።

«ያላ ሀኒፋ፣ ነይ» አለች ሉጥፊያ። «እነዚህ አራት ዳይሶች ሠራተኞችሽ ናቸው። ወርውሪያቸውና አንዱን እርሻ፣ አንዱን ግንብ፣ አንዱን ወፍጮ ቤት፣ አንዱን ገበያ ላኪ።»

ሀኒፋ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ባለነጥቦቹን ትንንሽ ኩቦች ወረወረች። ሦስቱን ላከች፤ አራተኛውን ጭኗ ላይ አኖረችው። በሚቀጥለው ዙር ያንን ልካ ሌላውን አስቀረች።

«ሁሉንም ካላሠራሽ እኮ ትሸነፊያለሽ» አለቻት ሉጥፊያ።

«ልሸነፍ። ተራው ነው፣ ይረፍ።»

ወንድማማቾቹ ሳቁ። ወዲያው ከመኝታ ቤት እናታቸው ተጣሩ፤ የቢሮ ሠራተኛ ናቸው፣ አድማ ላይ ስለሆኑ ጋደም ብለዋል።

«ሀኒፋ፣ ሻይ።»

ወገቧን ይዛ ተነሣች። ዳይሱን ከጭኗ አንሥታ የተቀመጠችበት ትራስ ላይ በቀስታ አስተኛችው።

«እንዳትቀሰቅሱት» አለች።