ፕሪንተሩን ማን አበላሸው?

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ አሮጌ ፕሪንተር አለ፤ ሲበራ ውስጡ ያለው የቀለም ካርትሬጅ ከዳር ዳር እየተመላለሰ «ክርር፣ ጠቅ፣ ክርር» ይላል፤ ባልደረቦቼ ምንም ሳይመስላቸው ሻያቸውን ይጠጣሉ፣ እኔ ግን ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሃያ ምናምን ዓመት ያለፈው ንዴት እንዲህ ትኩስ ሆኖ ይቆያል ብዬ አስቤ አላውቅም። ድምፁ ይዞኝ ገርጂ፣ ያደግኩበት ቤት ሳሎን ድረስ ይሄድና፣ እማዬ ትንፋሿን ውጣ፣ የሚወጣው ወረቀት ሙሉ ይሁን ጎዶሎ ስትጠባበቅ ያሳየኛል።

ፕሪንተሩ ቤታችን የገባው በክረምት ነው። እማዬ ታይፒስት ነበረች፤ መሥሪያ ቤቷ ሠራተኛ ሲቀንስ እሷም ተቀንሳ ቤት ከዋለች ከርማ ነበር። ወንድሟ፣ አጎቴ ግርማ፣ ሹፌር ሆኖ የሚሠራበት ድርጅት ዕቃውን በአዲስ ሲተካ፣ አሮጌውን ኮምፒውተርና ፕሪንተር ለእሷ ብሎ ተቀብሎ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ የሰፈራችንን ጭቃ እያቦካ አመጣላት። እማዬ ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው። ወዲያው ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ እድሩ የስብሰባ ጥሪውን፣ መዘምራኑ መዝሙራቸውን ይዘው ይመጡ ጀመር፤ እሷም ጣቶቿን ሳታይ እየተየበች፣ ከመጣው ሰው ጋር እየተጫወተች ታትም ነበር። ሥራ ካጣች ወዲህ ጠፍቶ የነበረው ሳቋ የተመለሰው ያን ክረምት ነው።

አባባ ደግሞ አንድ ሕግ ነበረው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቴሌቪዥናችንን አቃጥሎት ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ሁሌ ማታ ከራት በኋላ ቤቱን እየዞረ ያገኘውን ሶኬት ሁሉ ይነቅል ነበር። ሬዲዮ፣ ምድጃ፣ ካውያ፣ ፕሪንተር፣ አይለይም። ፕሪንተሩ ገና ከሥራ ሳያርፍ፣ አረንጓዴ መብራቱ እየበራ፣ ገመዱን ከግድግዳው መንጭቆ ያልፍ ነበር። አየሩ እርጥብ ስለነበር መሰለኝ በክረምት የዚህ አነቃቀል ጉዳት አልታየም። ሕጉ ከቴሌቪዥኑ ሐዘን የተወለደ ስለሆነም ማናችንም አልተቃወምነውም።

ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራና ያ ከንፈር የሚሰነጥቅ ነፋስ ሲጀምር፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ልጃቸውን ከረመዳን በፊት ሊድሩ ቀን ቆረጡ፤ የጥሪውንም ካርድ «አንቺ እያለሽልኝ ማተሚያ ቤት ምን አስኬደኝ» ብለው ለእማዬ ሰጧት። ለእማዬ ይህ ተራ ሥራ አልነበረም። መንገድ ዳር ላለችው ትንሽ ክፍላችን፣ አጥሩን አስነድሎ በር አውጥቶላት የጽሕፈት ሥራ እንድትከፍትባት አባባን ስትለምነው ከርማ፣ እሱም በመጨረሻ እትዬ ዘይነባ በተቀመጡበት «የሰርጉ ካርድ ካማረ በሩን አወጣልሻለሁ» ብሎ ነበር። እሷ ያን ቃል አምና፣ በሩ የሚወጣበትን ቦታ አጥሩ ላይ በጠመኔ አስምራ አሳየችኝ።

መጀመሪያ በወጣው ካርድ ላይ የሙሽራው ስም ወገቡ ላይ በነጭ መስመር ተቆርጦ ነበር። በሁለተኛው ላይ ሙሽሪት ጭራሽ የለችም። እማዬ ማሽኑ ራሱን እንዲያጸዳ ደጋግማ ብታዘው፣ እያቃሰተ ቀለሙን ጨረሰ እንጂ መስመሩ አልጠፋም። ከዚያማ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ፤ አንዱ ካርትሬጁን አውጥተሽ ናጪው አላት፣ አንዱ ፀሐይ ላይ አስጪው አላት፣ አንዱ በጥጥና በአልኮል እሺው አላት፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር፤ እሷ ግን የተባለችውን ሁሉ አደረገች። አባባ ከሶፋው ሳይነሣ ፍርዱን ሰጠ። «ማሽን አያያዝ ይፈልጋል። ትነካኪዋለሽ፣ ትነካኪዋለሽ፣ ይኸው።»

በመጨረሻ ፕሪንተሩን ታቅፋ፣ እኔ ገመዱን ይዤላት፣ በሚኒባስ ወሎ ሰፈር ጠጋኝ ዘንድ ወሰድነው። ጠጋኙ ሲያጸዳዳው ውሎ ጥርት ያለ ጽሑፍ አወጣና «ምንም አልሆነም እኮ እናት፣ ደህና ነው» አላት። እውነትም ቤት ስንደርስ ሠራ። ማታ አባባ እንደ ልማዱ ነቃቅሎ ተኛ፤ ጠዋት መስመሩ ተመልሶ ነበር። «ጠጋኙ እጅ ላይ የሚሠራ ማሽን አንቺ ጋ ሲመጣ ለምን እምቢ ይላል?» አላት አባባ ሻዩን እያማሰለ። ይህን ጥያቄ ዛሬም ሳስታውሰው ጥርሴን እነክሳለሁ።

በኅዳር መጀመሪያ አባባ፣ የመንገድ ሥራ ቀያሽ ነበርና፣ ወደ ጅማ በኩል ለመስክ ሥራ ሄደ። እማዬ አዲስ ካርትሬጅ አስገብታ እንደገና ሞከረች፤ ማታ ሥራዋን ስትጨርስም የማሽኑን የራሱን ማጥፊያ ተጭና፣ ዳንቴሉን አልብሳ ተወችው። በማግሥቱ ሠራ። ከዚያም በኋላ ሳምንቱን በሙሉ ሠራ። ካርዶቹ ከግማሽ በላይ አልቀው አልጋዋ ላይ ተደረደሩ፣ እኔም ለመተኛት ቦታ አጥቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ቅዳሜ አባባ ተመለሰ፤ ያን ማታም እሷ እኛን ራት አብልታ ሥራዋን ልትቀጥል ስትመለስ፣ በርቶ የነበረውን ፕሪንተር ነቅሎት አገኘችው። እሑድ ነጩ መስመር መጣ።

እማዬ ክዳኑን ከፍታ ስታየው ካርትሬጁ ወደ ማረፊያው ሳይደርስ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። «ሲጠፋ ጥጉ ሄዶ ይከደን ነበር። እሱ ሳያጠፋ ይነቅለዋል፣ ክፍቱን ያድራል፣ ይደርቃል» አለች ለራሷ። ክዳኑ የጠፋ እስክሪብቶ ምን እንደሚሆን እኔም ዐውቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘይነባ ካርዱን ሊያዩ መጥተው ሳሉ፣ እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አባባን አናገረችው። «መንቀሉንስ ንቀል፤ ግን መጀመሪያ በራሱ ማጥፊያ ይጥፋ። ቀለሙ ቦታው ይግባና ከዚያ ትነቅለዋለህ።»

አባባ ሳቀ። «ዕድሜዬን ከመሣሪያ ጋር የኖርኩት እኔ ነኝ። መብራት ያው መብራት ነው፣ እዚያ ጠፋ እዚህ ጠፋ ምን ለውጥ አለው? አልቻልኩም በይ፣ ነውር የለውም።»

«እስቲ ለዛሬ እሷ እንዳለችው ይሁን፣ ምን ይጎዳሃል?» አሉት እትዬ ዘይነባ።

የተለመነው በአንድ ጣት አንድ ቦታ መጫን ነበር፤ ዝቅ በል አልተባለ፣ ይቅርታ ጠይቅ አልተባለ። እሱ ግን ያን ማታ፣ እሷ እንደ ምንም አጽድታ ያስነሣችውን ፕሪንተር፣ ሁላችንም እያየነው፣ በርቶ እያለ ነቀለው። ለምን አልቀደመችውም ብዬ በእማዬም ተናድጃለሁ። ግን ቤታችን ውስጥ አባባ እጁን ከዘረጋ በኋላ እጁን የሚዘረጋ ሰው አልነበረም።

ቀለሙም አለቀ፣ ቀኑም ደረሰ። እትዬ ዘይነባ ዐይኗን ማየት እያፈሩ የቀረውን ካርድ ማተሚያ ቤት ወሰዱት፤ «አይዞሽ ልጄ፣ አላህ የተሻለ ይሰጥሻል» ብለዋት ሄዱ። በሩም በዚያው ቀረ። የጠመኔውን መስመር የበልግ ዝናብ አጠበው፤ አጎቴ ግርማም ፕሪንተሩን መልሶ ሲወስድ እማዬ በራሱ ማጥፊያ እንዲያጠፋው ብቻ ነገረችው። እሱ ቤት ዓመታት ሠራ። አባባ ደግሞ እነዚያኑ ዓመታት ለመጣው እንግዳ ሁሉ «አንድ ማሽን መጥቶላት አበላሸችው» እያለ ሲያወራ ኖረ፤ እሷም ሳህን እያነሣች ትሰማው ነበር።

ዛሬ ገርጂ ጭቃው አስፋልት ለብሶ፣ ሱቅ ያልወጣለት አጥር የለም። የእኛም ተነድሏል፤ አባባ ጡረታ ሲወጣ ግንበኛ ጠርቶ በሩን አስወጣና ክፍሏን ለአንድ ወጣት አከራያት፤ ወጣቱ ፎቶ ኮፒና ፕሪንት ይሠራባታል። ባለፈው ሰሞን ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ተከራዩ ዘግቶ ምሳ ሊበላ ወጥቶ፣ ደንበኞች በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር። እማዬ በመስኮት እያየቻቸው «ቁልፉን ትቶልኝ ቢሄድ እኔ እሠራላቸው ነበር» አለች።

አባባ ከጋዜጣው ቀና ሳይል «አሁን፣ በዚህ ዕድሜሽ?» አላት።

ያኔ፣ በሩን አጥሩ ላይ በጠመኔ ስታሰምር፣ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር።