ሰው የሚሸሸው መንገድ

ፋንታዬ ልትፈታው የተነሳችው ጥያቄ አጭር ነበር። ከገሱባ ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ሰዎች ራሳቸውን አጠፉ፤ ባል፣ ሚስት፣ ቀጥሎም የሚስትየዋ ወንድም። ለምን ተከታተሉ?

"ቤቱ እየጠራቸው ነው" አሏት ጎረቤቶች።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናትና መልሱ አልበቃትም። ቤት እንዴት ይጠራል? በገበያ ቀን ደብተሯን ይዛ ዛፍ ሥር ተቀመጠችና የሚያልፈውን ሰው ሁሉ በነጥብ መዘገበች። ዘዴው እንዲህ ቀላል ነው፤ ያየችው ግን ጠጉሯን አቆመው። እስከ ቀትር ካለፉት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ሁሉም አንድ ቦታ ሲደርሱ ወሬያቸውን ቆርጠው፣ ቀና ሳይሉ፣ ቀጥታውን መንገድ ትተው በጎን ወዳለው ቦረቦር ታጠፉ። ጭነት የተጫነች አንዲት አህያ እንኳ ማንም ሳይመልሳት ዞረች። በቀጥታው መንገድ ላይ ሣሩ ጉልበት ደርሷል። ከሣሩ ማዶ ጦና፣ በሕይወት የቀረው የሚስትየዋ ሌላ ወንድም፣ ብቻውን ይኖራል።

ነገሩ የተገለጠላት ያኔ ነው። በዚያች መንደር ራሱን ላጠፋ ሰው ለቅሶ አይደረስም፤ ያለ ዋይታ ይቀበራል፤ ከቤተሰቡም ሰው ይሸሻል። ጠያይቃ አረጋገጠች፤ ሚስትየዋም ወንድሟም ከመሞታቸው በፊት ለወራት ደጃቸውን የረገጠ ሰው አልነበረም። ሰው ራሱን የሚያጠፋበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ይህኛውን፣ መገለልን፣ ግን መንደሩ ራሱ ሊያስተካክለው ይችላል!

ሣሩን ገፍታ ገባች። የሚፍቀው ጠፍቶ ጊዜው አልፎ ያበበ እንሰት ደጃፉን አጨልሞታል። ጦና ቀጠሮ እንዳለው ሰው በሩ ላይ ቆሟል።

"እህት ፋንታዬ፣ መንገድ ተሳስተሽ ነው?"

"አንተ ጋ ነው የመጣሁት። ጦና፣ ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?"

እንዲህ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ አይተክልም፤ የተዘጋ አፍ ይከፍታል እንጂ።

"በየቀኑ" አለ ጦና። "የጠየቀኝ አልነበረም።"

በዚያው ቀን ሶዶ ሆስፒታል ይዛው ሄደች። ሕክምና ጀምሮ ከተመለሰ ወዲህ በየቀኑ አንድ ሰው አብሮት እንዲውል እየጣረች ነው። ለስድስት ቀን ሰው አግኝታለች። ሐሙስ ባዶ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ሐሙስ ነው። ስለዚህ የቅርብ ጎረቤቱና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ዱባለ ደጅ ቆማለች።

"ዶክተርዬ፣ አንቺ ባል የለሽም፣ ደፋር ነሽ" አላት ዱባለ። "እኔ ገና የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ።"

"ጋሽ ዱባለ፣ እሑድ ለታመሙት የጸለዩት እርስዎ አይደሉም?"

"ጸሎት ከሩቅም ይሰማል።"

"እግዚአብሔር ይሰማል። ጦና ግን ከሩቅ አይሰማም።"

ዱባለ ሣሩን አየ። "ደርሼስ ምን እለዋለሁ?"

"ምንም። ጎደሬ ቀቅሏል፤ አብረው ይብሉ።"

ከዘራውን አንስቷል፤ ከበሩ ግን ገና አልወጣም። ፋንታዬ ሣሩ ውስጥ ገብታ እየጠበቀችው ነው።