የጌም ሠሪው የከማሉዲን ጥርጣሬ

አባቴ ከማሉዲን ፒያሳ ከቤታችን ጓሮ ባለች ክፍል ቁጭ ብሎ የቴሌቪዥን ጌም ይሠራ ነበር። ይጠግን ነበር አላልኩም፤ ይሠራ ነበር። ከተሰባበሩ ጌሞች ቦርዱን ያወጣል፣ የሞተውን ከሌላው ይተካል፣ በገዛ እጁ በሠራው የዋንዛ ሳጥን ይገጥመዋል። በዘጠናዎቹ መጨረሻ ከከተማችን ማራኪ ሰፈር ከከተማ ውጭ እስካለችው ትክል ድንጋይ ድረስ ልጆች የተጣሉበት ያ የእንጨት ጌም የሱ ነው።

እሱ ግን ሰው አያምንም። እንግዳ ሲገባ ጠረጴዛውን በፎጣ ይሸፍናል። የቦርዱን ጽሑፍ ማንም አንብቦ እንዳይሠራው በምላጭ ይፍቃል። "እንዴት ዋልክ?" ያለውም ሁሉ ተልኮ የመጣ ይመስለዋል። ክፍሏ መስኮት ስለሌላት ከአሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ ባትሪ የማበራለት እኔ ነበርኩ። እኔን ከሰው አልቆጠረኝም መሰለኝ፤ ከኔ ምንም ሸሽጎ አያውቅም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ሳሊም ሽማግሌ ላከ። ሳሊም ጫማ ሻጭ ነው፤ አምፖል እንኳ የሚያስቀይረው ጎረቤት ጠርቶ ነው። እኔ ግን እወደዋለሁ። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥምና በር ላይ ቆመው ሲለምኑ፣ አባቴ የሚያየው ከሽማግሌዎቹ የአንዱን፣ የሐጂ አኒስን ዓይን ነበር።

"ሐጂ፣ ምነው ዓይንዎ ከጓሮዬ አልነቀል አለ? የፈለጋችሁት ልጄን ነው ወይስ ሥራዬን?"

"ኧረ አላህን ፍራ ከማሉዲን! ጫማ ሻጭን ከሽቦ ጋር ምን አገናኘው?"

"ለማስመሰል ነዋ ጫማ የሚሸጠው!"

ሁለቴ መለሳቸው። በሦስተኛውም "ሙያዬ ከዚህ ቤት አይወጣም" ሲላቸው ከመጋረጃው ጀርባ ደሜ ፈላ። ሽማግሌ ፊት መውጣት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ወጣሁ።

"አባባ፣ ሳሊም ምንም አያውቅም። የማውቀው እኔ ነኝ። በወባ ተኝተህ የሰነበትክ ጊዜ ጀምረህ የተውካቸውን ሁለት ጌሞች የጨረስኳቸው እኔ ነኝ። ስትነሳ የራስህ መስለውህ 'ሸጋ ሆነዋል' ብለህ ሸጥካቸው።"

የዋህ ነኝና "የኔ ልጅ" እስኪለኝ ጠበቅሁ። እሱ ግን ፊቴን ትቶ ጣቶቼን ነበር የሚያየው። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

"ተቀመጡ፤ ሰጥቻለሁ" አላቸው። "ኒካው በዚሁ ሳምንት ይሁን። ቶሎ ትውጣልኝ።"

ሐጂ አኒስ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ተቀመጡ። ዓመት ሙሉ ዱዓ ያደረግኩበትን ቃል ሰማሁት፤ እንደ ሌባ ተባርሬ።