የምን ጉድጓድ?

ባለፈው ሳምንት መኪናዬን ላሠራ እዚህ ሪያድ ሱለይ የሚባል የጋራዥ ሰፈር ሄጄ፣ ከጋራዡ ፊት ለፊት የጉድጓድ ቆፋሪዎች የዐረብኛ ሰሌዳ ተሰቅሎ አየሁ። «ቢእር» የምትለውን ቃል ሳነብ ዛሬም ፊቴ ይግላል። ሽበት ከወረሰኝ ቆይቷል፤ ሐፍረቱ ግን አልለቀቀኝም።

ያኔ ወጣት መሐንዲስ ነበርኩ፤ በዐረብኛዬም ከሚገባው በላይ እኮራ ነበር። ጋዝ በተገኘበት የምሥራቅ ቆላ ወጣቱ ሸፍቶ፣ መንገዱ በተኩስ ተዘግቶ ነበርና፣ መንግሥት ያሰበውን ሪያድ ላሉ የአካባቢው ተወላጆች የሚያስረዳ ባለሥልጣን ከአገር ቤት መጣ። አብዛኞቹ ከሶማሊኛና ከዐረብኛ ሌላ አይሰሙም። አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። ነሐሴ ነበር፤ የተከራየነው አዳራሽ ማቀዝቀዣ ያንኮራፋል፣ ከጓዳ የሩዝና የሄል ሽታ ይመጣል።

ሰዎቹ ፊታቸውን አጥቁረው ተቀምጠዋል። ባለሥልጣኑ «መንገድ እንሠራለን» አለ፣ «ትምህርት ቤት እንከፍታለን» አለ፤ ማንም አልተነቃነቀም። ቀጥሎ «በሰፈራችሁ ጉድጓድ እንቆፍራለን» አለ። እኔም «ቢእር» ብዬ አስተላለፍኩ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወንዶቹ ተቃቀፉ።

አደም የሚባል የሱለይ መካኒክ ብድግ አለ። «ወንድሜ፣ ቢእር ነው ያልከው? ወላሂ?»

«አዎ፣ ቢእር።»

ስልኩን እያወጣ ወደ በረንዳው ሮጠ።

ባለሥልጣኑ ቀጠለ፦ «ጋዙ በቧንቧ ወደ ወደብ ይሄዳል፤ ወጣቶቹም ሥራ ያገኛሉ።» ያን ጊዜ ገባኝ። በዐረብኛም በአማርኛም የውሃውም የጋዙም ያው ጉድጓድ ነው፤ በድርቅ የከረመ ሰው ግን ጉድጓድ ሲባል ከውሃ ሌላ ምን ይሰማል? ሁሉም አፍ አፌን ያያሉ። ባርመው ያ ደስታ ወደ ምን እንደሚለወጥ አሰብኩና ፈራሁ። ጋዙን ዋጥኩ። «ወጣቶቹ ሥራ ያገኛሉ» ብቻ አልኩ።

ስብሰባው ሲያልቅ በረንዳ ወጣሁ። አደም ፊቱ በርቷል።

«እናቴን በጎረቤት ስልክ አገኘኋት። ፍየሎቹን ይዘው ወደ ወንዙ ሊሰደዱ ነበር። ኸላስ፣ በቃ፣ አትነሡ፣ ውሃው እዚያው ሊመጣላችሁ ነው አልኳት።»

«አደም፣ የጋዝ ነው» አልኩት።

ስልኩን መልሶ አወጣ። ደጋግሞ ደወለ፤ የጎረቤቷ ስልክ ተዘግቷል። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስወጣ በየቀኑ ፉጣ የሚባለው ሰፈር፣ ማደሪያው ድረስ እየሄድኩ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። እሱ ይደውላል፣ እኔ ወለሉን አያለሁ። ሻይ ያቀርብልኛል፤ ያ ደግሞ ከስድብ ይብስብኝ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ወንድሙ አነሣ። እናታቸው ተርፋለች፤ ፍየሎቹ ግን ቤተሰቡ ቁፋሮውን ሲጠብቅ በውሃ ጥም አልቀዋል።

ጋራዡ ዛሬ የአደም ነው። ባለፈው ሳምንት ሞተሬን ከፍቶ ሲሠራ፣ ከስልኬ ላይ የአገር ቤት ዜና አነበብኩለት፦ ለዚያ ቆላ አዲስ የልማት ዕቅድ ወጥቷል፣ ጉድጓዶችም ይቆፈራሉ። መፍቻውን አስቀመጠና ከእኔው በለመዳት አማርኛ ጠየቀኝ።

«የምን?»

ዜናውን ከላይ እስከ ታች ደግሜ አየሁት፤ አይልም። ያኔ አዳራሹ ውስጥ ወደ ባለሥልጣኑ ዘወር ብዬ ይህችኑ አንዲት ቃል ብጠይቀው ኖሮ ይነግረኝ ነበር።