ሁለተኛዋ ጉርሻ

ከከተማው ዳር ካትሌሆንግ ያለችው ስፓዛ ሱቁ ከተዘረፈች ወዲህ ታላቅ ወንድሜን ምግብ እምቢ አለው። ዘራፊዎቹ እጃቸውን አላሳረፉበትም፤ ሐኪሙም ምንም አላገኘበትም። የሱቋን በር ዘግቶ ዮቪል ሰፈር ወዳለችው ጠባብ ክፍሌ መጣና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች እየመጡ ጸለዩለት። ያመጡለትን ክትፎ የበላሁት እኔ ነኝ። ሱሪው በቀበቶ እንኳ አልያዝ ሲል፣ ይሄ ሰው እጄ ላይ ሊያልቅ ነው ብዬ ፈራሁ።

እኔ ደግሞ ቤት መቀመጥ አይሆንልኝም። አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ ዝም ብዬ ስሄድ ሲሪልዲን ደረስኩ፤ የቻይናዎቹ ሰፈር ነው። በየመስኮቱ የተጠበሱ ዳክዬዎች ተንጠልጥለዋል፤ ዓሦቹ ገንዳ ውስጥ ገዢያቸውን እያዩ ይዋኛሉ። ከአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት በር ላይ አንዲት አሮጊት በአገሬው ቋንቋ «ሳውቦና» ብለው ሰላም አሉኝና፣ በልተህ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሊሸጡልኝ መስሎኝ ነበር። ለካ በአገራቸው ሰላምታ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ማማ ይላቸዋል፤ እኔም ማማ አልኳቸው።

የተወለዱት ጓንግዡ ነው። በእኛው ዓይነት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለ ከተማቸው አወሩልኝ። እዚያ ሰው ጠዋት ሻይ ልጠጣ ብሎ ይወጣና አያትና የልጅ ልጅ አንድ ጠረጴዛ ከበው፣ በትንንሽ የቀርከሃ ቅርጫት የሚቀርበውን እየቀማመሱ ያረፍዳሉ። ሻይ ለቀዳልህ ሰው ምስጋናህ ጠረጴዛውን በሁለት ጣት መታ መታ ማድረግ ነው። የታመመ ሰው ካለ ደግሞ ሾርባ ይጣድለታል። ይህን ሲሉ የወንድሜን ነገር ነገርኳቸው።

«አምጣው» አሉ። «ብቻውን ሆኖ ማን ይበላል?»

በሚቀጥለው እሑድ «ጋሼ፣ አንዲት ትልቅ ሰው ጠርተውሃል» አልኩት። የትልቅ ሰው ጥሪ ስለሆነበት ብቻ ጫማውን አደረገ።

ማማ የሩዝ ሙቅ አቀረቡለት፤ ዝንጅብልና ስስ የዓሣ ቁራጭ አለበት። ሳህኑን ገፋ አደረገው። እሳቸውም ወጥ ቤቱን ትተው አጠገቡ ተቀመጡ፤ ከቅርጫቱ በስስ ሊጥ የተጠቀለለች ነጭ ነገር በሁለቱ የመብያ እንጨቶች አንስተው ወደሱ ዘረጉ። በከተማቸው እንግዳ የሚከበረው እንዲህ ነው፤ ትልቅ ሰው መርጦ ሳህንህ ላይ ያስቀምጥልሃል።

ወንድሜ ግን ያየው ምግብ ይዞ የሚመጣ የትልቅ ሰው እጅ ነው። እንዳሳደጉን ከወንበሩ ብድግ አለ፤ መዳፉን ከሥር ዘረጋና አፉን ከፈተ።

እንጨቶቹ አየር ላይ ቆሙ። ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉትም መብላታቸውን አቆሙ። ማማ አፉን አዩ፤ እኔን አዩ። ለጉርሻ የሚሆን እንግሊዝኛ ፈልጌ አጣሁ። እሳቸውም አልጠበቁኝም፤ አጎረሱት።

ትኩስ ኖሮ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ብዙ አኘከ። ዋጠ። ማማ አበቃ ብለው እንጨቶቹን ሲያስቀምጡ ወደኔ ዞረና በአማርኛ፣ «አንድ ያጣላል በላቸው» አለኝ።

ከዘረፋው ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቀልዱ ነው። «ማማ፣ ሁለተኛ ካልጨመሩልኝ እንጣላለን ይላል» ብዬ ተረጎምኩ። ሳቃቸው ወጥ ቤት ድረስ ተሰማ፤ ሁለተኛዋንም አጎረሱት። ከዚያ በኋላ ሙቁን ራሱ ወደሱ ሳበው። ሻይ ሲቀዱለት በጣት ማመስገኑን አሳየሁት፤ እሱ ግን በር እንደሚያንኳኳ ጠረጴዛውን ደበደበው።

ይህችን የተሰደድንባትን ከተማ ብዙ ጊዜ አማርሬያታለሁ። እነዚያን ሁለት ጉርሻዎች ሳስብ ግን አፌን እይዛለሁ። ወንድሜ ካትሌሆንግ ተመልሷል፤ ሱቋም ተከፍታለች። እሑድ እሑድ ሲሪልዲን እንገናኛለን።

ባለፈው ጊዜ እሱ ማማን ላጉርስ ብሎ እንጨቶቹን አነሳ። ጥቅልሏ ሻዩ ውስጥ ወደቀችበት። እንጨቶቹን ትቶ ሌላ በጣቱ አነሳና ዘረጋ። ማማ ብድግ አሉ፤ መዳፋቸውን እንደኛ ከሥር ዘርግተው ጎረሱ። ውጠው ሲያበቁም አልተቀመጡም፤ አፋቸውን መልሰው ከፍተው ሁለተኛዋን ጠበቁ።