ከፋለ የሰማው ምክር

ሰብሌ የብልባላ ገበሬ ልጅ ናት፤ ላሊበላ የገባችው ከፋለን አግብታ ነው። እሱ ባጃጅ ይነዳል፣ እሷ ከአንድ ሆቴል ጓሮ አንሶላና ፎጣ ታጥባለች። እጇ ፈጣን፣ አፏ ጨዋታ አዋቂ ነበር። እሷ የቀረችበት ቀን ጓሮው ይቀዘቅዛል ይሉ ነበር አብረዋት የሚያጥቡት።

ጡት ያልጣለች ሴት ልጇን ከቀበረች በኋላ ግን ያቺ ሰብሌ ጠፋች። ፀጉሯን መንካት አቃታት። እህል አፏ ውስጥ አሸዋ ሆነባት። የበኩር ልጇ አዳም «እማዬ» ሲላት ድምፁ ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስላት ነበር። ጠበል ተጠመቀች፤ ጥቂት ቀን ቀለል ይላትና ይመለስባታል። ጎረቤት ማንሾካሾክ ሲጀምር ከፋለ በባጃጁ ጭኖ ሆስፒታል ወሰዳት። የአእምሮ ሕክምና ነርሷ ሲስተር ፈትሂያ መድኃኒት ጀመረችላት።

ኪኒኑ ቶሎ አልሠራም። ሳምንታት ካለፉ በኋላ አንድ ጠዋት የአዳምን ፊት ስታጥብ የራሷን ሳቅ ሰማች። ወደ ሥራዋም ተመለሰች። ዓመት አልፎ ጤናዋ ሲጸና ኪኒኑን መተው እንደምትፈልግ ለነርሷ ነገረቻት። ያን ዕለት ከፋለም አብሯት ገብቶ ነበር።

ፈትሂያ መተው እንደሚቻል፣ ግን በአንድ ጊዜ እንደማይሆን አስረዳቻቸው። መጠኑ በጥቂቱ ይቀነሳል፤ ሰውነቷ እስኪለምደው ይጠበቃል፤ ከዚያ ደግሞ ይቀነሳል። ከከበዳት ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ድንገት ከተቋረጠ ግን ራስ ያዞራል፣ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፣ ያስመልሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ በረባ ባልረባው ያስቆጣል፣ ያስለቅሳል።

«ይኼ እብደት አይደለም» አለች። «ሰውነት የለመደውን ድንገት ሲያጣ የሚሆነው ነው። ከፋለ፣ የምትጠብቃት አንተ ነህ።»

ከፋለ በጥሞና ሰማ። ካቋረጠች በስንተኛው ቀን እንደሚጀምራት ጠየቀ። ነርሷም ሰው ከሰው ቢለያይም፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ሲሆን እንደሚበረታ ነገረችው። ሰብሌ ባሏን ዞር ብላ አየችው። እንዲህ ተጨንቆላት አያውቅም ነበር፤ ደስ አላት።

ያላወቀችው፣ ከፋለ በኤርፖርቱ መንገድ ምግብ ቤት ከከፈተች ሴት ጋር ከተወዳጀ መክረሙን ነው። ሴትዮዋ ቤቱ ልትገባ ትፈልጋለች። ሰብሌን ያለ ምክንያት ቢያባርራት ደግሞ ሽማግሌ ቤቱንም ልጁንም ለእሷ እንደሚፈርድ ያውቃል። ሲፈልገው የኖረውን ምክንያት ነርሷ ሳታውቅ ሰጠችው።

ብዙ ሳይቆይ ፈትሂያ ለሥልጠና ወልድያ ሄደች፤ በጸጥታው ምክንያት መንገድ ተዘጋ፣ የስልክ መስመርም ጠፋ። ያኔ ከፋለ ቤት ገብቶ፣ ሲስተር ልትሄድ ስትል አግኝቷት እንደነበር፣ ሰብሌ ስለዳነች ከዛሬ ጀምሮ ኪኒኑን ትተወው እንዳለችው ነገራት። ሰብሌ፣ ቀስ በቀስ መቀነሱስ ብላ ጠየቀች። እንዳንቺ ለዳነ ሰው አያስፈልግም ብላለች አላት። የቀረውንም ኪኒን ከሳጥኑ አውጥቶ ሽንት ቤት ጣለው። አመነችው። ያኔ እንደዚያ ሆና ሳለች ሆስፒታል ያደረሳት እሱ ነውና እንዴት አታምነው?

በማግስቱ ደህና ዋለች። ከዚያ መሬቱ ይከዳት ጀመር። ዓይኗን ባዞረች ቁጥር ጭንቅላቷ ውስጥ ንዝረት ይሮጣል፤ የቀመሰችው አይረጋም። ይኼ በበረታባት ዕለት ከፋለ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ቤቱ ሰበሰበ። አባቷን አቶ ወርቅአገኘሁንም አስቀድሞ ከብልባላ አስጠርቷቸዋል።

ሰብሌ እንግዶቹ ለምን እንደመጡ አልተነገራትም። ግድግዳ ተደግፋ ተነሳችና ጠላ ልትቀዳ ማንቆርቆሪያውን አነሳች። ንዝረቱ ሲመታት እጇ ከዳት፤ ጠላው በአንዱ ሽማግሌ ጋቢ ላይ ፈሰሰ። አዳም ሊደግፋት ሲሮጥ ጮኸችበት፣ ገፍታም ጣለችው። ከዚያ ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ አለቀሰች፤ እዚያው አስመለሳት። ከፋለ ከመቀመጫው አልተነሳም።

«አባቶቼ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ነገር አላበዛም። በዓይናችሁ አይታችኋል።»

ሰብሌ መድኃኒቴን አስቁሞኝ ነው አለች። የምን መድኃኒት ብለው ጠየቁ። የእብድ ኪኒን እንደምትውጥ፣ የቤት ገመና ነው ብሎ ሸሽጎት እንደኖረ ከፋለ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ከአፏ የወጣው ሁሉ የእብድ ወሬ ሆነ። ልጁ አባቱ ዘንድ ይቅር፣ ቤቱም ለልጁ ሲባል ለአባትየው ይሁን፣ እሷን አባቷ ወስደው ጠበል ያስጠምቋት ተብሎ ተፈረደ። አቶ ወርቅአገኘሁ ለልጃቸው አንዲት ቃል አልተነፈሱላትም። ፍርዱ ሲያልቅ ብቻ ጎንበስ ብለው፣

«ተነሽ፤ ከዚህ በላይ አታዋርጂኝ» አሏት።

መቆም ስላቃታት በሰው በቅሎ ጭነው ወሰዷት። አዳም በር ላይ ቆሞ ግንባሩ ላይ ያበጠውን እየነካካ ያያት ነበር።

መንገድ ሲከፈት ፈትሂያ ተመለሰች። ሰብሌ ከብልባላ በእግሯ ወርዳ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ነርሷ ልትሄድ ስትል ከፋለን ፈጽሞ አላገኘችውም፤ እንዲህ ያለ ነገርም አልተናገረችም። ፊቷ ጠቆረ።

«አብሽሪ» አለቻት። «አላበድሽም። አሁን እንደ ደንቡ እናደርገዋለን።»

መድኃኒቱን መልሳ ጀመረችላት። ስትረጋጋም መቀነስ ያዙ፤ በጥቂቱ ቀንሶ መጠበቅ፣ ደግሞ መቀነስ። መሐል ላይ ማዞሩ ሲመለስባት ነርሷ ሳትደነግጥ ወደ ፊተኛው መጠን መለሰቻት፤ ከሰነበተች በኋላም ባነሰ ልክ ቀጠሉ። በጋው ሲገባ ሰብሌ ያለ ኪኒን ጤነኛ ሆና ዋለች። መጀመሪያም ማለቅ የነበረበት እንዲህ ነበር።

ፈትሂያ፣ ሰብሌ ፈቅዳላት፣ ዋናውን ሽማግሌ ቤታቸው ሄዳ አስረዳቻቸው። በአክብሮት ሰሟት። «እኛ የፈረድነው ባየነው ነው ልጄ» አሏት። «ሽማግሌ የተፋውን መልሶ አይልስም።» ሰብሌ ፍርድ ቤት ከሰሰች። አንዴ ዳኛው የሉም፣ አንዴ መንገዱ ሰላም አይደለም እየተባለ ቀጠሮው ይተላለፋል።

ከፋለን አንድ ጊዜ ባጃጅ ተራ አግኝታው፣ እንዴት ጨከንክብኝ ብላ ጠየቀችው። የባጃጁን መስታወት መወልወሉን ሳያቆም፣

«ምን ሆንሽ? ድነሽ የለም እንዴ?» አላት።

አዳምን ያገኘችው በቅዳሜ ገበያ ነው፤ እንጀራ እናቱ እጁን ይዛዋለች። ቁመቱ ጨምሯል። ሰብሌ በርከክ ብላ ጠራችው፤ ተማሪ ቤት ገብቶ እንደሆነ ጠየቀችው። ልጁ መጀመሪያ ቀና ብሎ ሴትዮዋን አየ።

«እብደትሽ ለቀቀሽ?» አላት።

አላበድኩም ነበር ልትል ፈለገች። ያን ብትል አባትህ ዋሽቷል ማለት ይመጣል፤ ልጁ ያን ቃል ይዞ የሚገባው ደግሞ እዚያው አባቱ ቤት ነው።

«ለቀቀኝ» አለችው።

«ታዲያ ለምን ቤት አትመጪም?»

ሴትዮዋ እጁን ሳብ አደረገችው። ሰብሌ በአህያና በሰው እስኪሸፈኑባት ድረስ አየቻቸው። ከዚያ አባቷ የላኳትን ጨው ገዝታ ወደ ብልባላ መንገድ ገባች።