በረንዳችንን የከፋፈለው ግንብ

ባለፈው ሳምንት ሳሪስ ውስጥ አንድ አጥር ኖራ ሲቀባ አጠገቡ አለፍኩና ያ እርጥብ፣ አፍንጫ የሚያቃጥል ሽታ ሲመታኝ ደሜ ፈላ። በዚህ ዕድሜዬ፣ መሃል መንገድ ላይ፣ በኖራ ተናድጄ ቆምኩ። ቀቢው ልጅ "እማማ፣ ልብስዎን እንዳይነካዎት" አለኝ፤ ምስኪን፣ የተቆጣሁት በእሱ መስሎት ነው።

ያደግኩት በጃንሆይ ዘመን አቃቂ በሰቃ፣ ፋብሪካው ለሠራተኞቹ በሠራው መደዳ ቤት ውስጥ ነው። ሰፈራችን ያምር ነበር ብል አላጋነንኩም። ከባቡር ጣቢያው በኩል በራቸው ቅስት፣ መስኮታቸው ረጃጅም የሆነ የጥቁር ድንጋይ ቤቶች ተሰልፈዋል፤ ቀጥሎ የእንጨት ሰገነት ያላቸው የነጋዴዎቹ ሱቆች፤ ከዚያ ወደ ወንዙ ዝቅ ሲሉ የእኛ መደዳ፦ አሥራ ሁለት በር፣ አንድ የቆርቆሮ ጣራ፣ ከፊቱም ከዳር እስከ ዳር ሳይቋረጥ የሚሄድ አንድ በረንዳ። ቤታችን አንድ ክፍል ብቻ ስለነበረች እናቴ "አልጋው ከገባ እኛ እንወጣለን" እያለች ትቀልድ ነበር። እውነትም የምንኖረው በረንዳው ላይ ነው። በርበሬ የሚሰጣው እዚያ፣ ሕፃን የሚታጠበው እዚያ፣ እኔና የጎረቤታችን የጋሽ ሸምሱ ልጅ ራውዳ በሆዳችን ተኝተን የቤት ሥራ የምንሠራው እዚያ። በክረምት ከመጀመሪያው በር እስከ መጨረሻው ጠብታ ሳይነካን እንሮጣለን፤ በየበሩ ቆሎ ስለሚሰጡን ስንመለስ ኪሳችን ይሞላ ነበር።

ጋሽ ሸምሱ ከስልጤ የመጡ፣ ሽመና ክፍል የሚሠሩ ሰው ነበሩ። አባቴ ደግሞ የፋብሪካው ግንበኛ ነበር። ከሥራ ሲመለሱ ሁለቱ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ።

አንድ ቀን ሽመና ክፍል ውስጥ ማሽን የአንድ ወጣት እጅ ቆረጠ። አስተዳደሩ ልጁን ከሥራ አሰናበተው። እሁድ ከሰዓት ሠራተኞቹ በረንዳችን ላይ ተሰብስበው ማመልከቻ ጻፉለት፤ ጋሽ ሸምሱ ጮክ ብለው አነበቡት፣ ከአሥራ ሁለቱም በር ሰው ወጥቶ ፈረመ፣ አባቴም ፈረመ።

መልሱ በጋሪ ተጭኖ መጣ፦ ድንጋይ፣ አሸዋና ኖራ። በረንዳው በየበሩ መሃል በግንብ ይከፈል ተባለ። ምክንያቱም "ለንጽሕና" ነው አሉ። እንዲገነባ የታዘዘው አባቴ ነበር፤ እምቢ ካለ ሥራውንም ቤቱንም እንዲለቅ ነገሩት።

ሲባጎውን ሲወጥር ጋሽ ሸምሱ በራቸው ላይ ቆመው አዩት።

"ታደሰ፣ በእኔና በአንተ መሃል ነው?"

"ምን ላድርግ ሸምሱ? እኔ ባልገነባው ሌላ ይገነባዋል።"

"ታዲያ ሌላው ይገንባዋ!"

አባቴ ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ድንጋይ አስቀመጠ።

ምሳ ሊበላ ሲገባ እኔና ራውዳ ያልደረቀውን ግንብ በእግራችን ገፍተን ጣልነው። አባቴ ወጥቶ አየን። ዱላ ስጠብቅ የወደቁትን ድንጋዮች መሰብሰብ ጀመረ፤ ይህ ይበልጥ አናደደኝ።

"አባዬ፣ አንተም ፈርመህ አልነበር እንዴ?"

"ፈርሜያለሁ" አለኝ፣ ተንበርክኮ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እየጠረገ።

ከዚያ እንደገና ገነባው። እንዴት አድርጎ ገነባው መሰላችሁ! ድንጋዩ ከድንጋይ ተገጣጥሞ ምላጭ አያስገባም። አሳፋሪውን ሥራ እንኳ አበላሽቶ መሥራት አልቻለም። ለአሥራ ሁለት በር አሥራ አንድ ግንብ አቆመ፤ ጋሽ ሸምሱም እስኪሞቱ ድረስ ሰላምታ አልሰጡትም።

ጃንሆይ ወረዱ፣ አስተዳዳሪዎቹም ሄዱ። ሰዉ የቢሮውን ሰሌዳ እየጨፈረ አወረደ። ግንቦቹን ግን ማንም አልነካቸውም፤ ተለምደዋላ! አንዱ ከሰል አስደገፈባቸው፣ ሌላው ዶሮ አረባባቸው።

ራውዳ አግብታ ሩቅ ሄደች። ጋሽ ሸምሱ ስለሞቱ እናቷ እትዬ ከድጃ ብቻቸውን ቀሩ፣ እኛም ከግንቡ ወዲህ ነበርን። አንድ የክረምት ሰሞን ቤት ውስጥ ወድቀው ሁለት ቀን በሩ ሳይከፈት ሲቀር ያየ አልነበረም። ያገኘቻቸው ወተት የምታመጣላቸው ሴት ናት፤ ነፍሳቸው ወጥታለች። ድሮ ቢሆን ያ በር እስከ ረፋድ ካልተከፈተ ሦስት ሰው ያንኳኳው ነበር።

የቀብራቸው ዕለት አባቴ ግንቡን በሁለት እጁ ይዞ ሲያለቅስ አየሁት። አልቀረብኩትም። ግንቡን ያዘዙትን ሰዎች ስማቸውን እንኳ አላውቅም፤ የማውቀው የገነባውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ እስኪሞት ድረስ የተቆጣሁት በአባቴ ላይ ነበር።